በስብሷል የተባለው ካፖርት

«ዶክተር፣ ቶሎ ነይ! እጄ ላይ ነው፤ ግን እነዚህ ሴትዮዎች በዓይናቸው ሊበሉት ነው!»

ሊዝቤት ይህን የጮኸችው የልብስ ክምር ላይ በደረቷ ተደፍታ ነው። በቀኝ እጇ የአንድ ግራጫ ካፖርት እጅጌ ጨብጣለች፤ በግራዋ እንዳትወድቅ መሬቱን ተደግፋለች። ሰፋፊ ጉርድ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች ዙሪያዋን ከበዋታል። ቦንዳው የተፈታው ገና አሁን ነው። ሻጯ እትዬ ቶማሳ ማሰሪያውን በቢላ በጥሳ «ተፈታ!» ካለች አፍታም አልሞላ፤ ግማሹ ሰልባጅ ግን ከወዲሁ በሰው እጅ ገብቷል።

ኔይዳ በሴቶቹ ክርን ሥር ተሽሎክልካ ደረሰች። እንዲህ መጣደፍ እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። በደጋዋ የኤል አልቶ ከተማ የእሑድ ገበያ ሕጉ የታወቀ ነው፤ ቦንዳ ሲፈታ መጀመሪያ እጅ ያረፈበት ልብስ ባለቤት አለው። መጎተት የለም፣ መንጠቅ የለም። ባለእጇ በራሷ ፈቃድ እስክትለቅ ድረስ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ይህን የጣሰ ሰው ገበያው ሁሉ ይጮህበታል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሻጭ በሳቅ አያስተናግደውም።

«እስቲ አሳዪኝ» አለች ኔይዳ።

ሰፈሩ ውስጥ «ዶክተር» የሚሏት ልብስ ስለምትመረምር ነው። እናቷ በወጣትነቷ ድንበር ተሻግራ ቦነስ አይረስ በሚገኙ የልብስ ስፌት ቤቶች ውስጥ ለዓመታት ሠርታለች። ልጇን ገና ፊደል ሳታስቆጥር ስፌት አስቆጥራታለች ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኔይዳ ገበያ ስትወጣ ጓደኞቿ ይከተሏታል። እሷ «ውሰጂው» ያለችው ልብስ ለዓመታት ይለበሳል፤ «ተይው» ያለችው ደግሞ ሌላ ሰው ገዝቶት በሳምንቱ ሲያማርር ይሰማል።

ካፖርቱን ገለበጠችው። ስፌቱ ሁሉ ድርብ ነው። ገበሩ አንድም ቦታ አልተላቀቀም። የቁልፍ ቀዳዳዎቹን አንድ የታገሠ ሰው በእጁ ዘምዝሟቸዋል። ኪሶቹ በሚቀደዱበት ማዕዘን ላይ ትንሽ ደጋፊ ጨርቅ ከውስጥ ገብቶላቸዋል። ሱፉን ወደ ፀሐይ ወጥራ አየችው፤ ብርሃን የሚባል ነገር አያሳልፍም። እጅጌው ጫፍ ላይ ደግሞ ክንድ ሲረዝም የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተሰፍቷል። እንዲህ ያለ ልብስ እናቷ ስትናገር እንጂ በእጇ ይዛው አታውቅም ነበር።

እጅጌውን በራሷ ክንድ ላይ ዘርግታ ለካችው።

ኔይዳ ሁለት ታላላቅ እህቶች አሏት። የምትለብሰው ሁሉ በሁለቱ ላይ አልፎ የመጣ ነው። ለእህቶቿም ለጓደኞቿም መርጣለች፤ ለእሷ ተብሎ የተመረጠ ልብስ ግን ኖሯት አያውቅም። ዛሬ ኪሷ ውስጥ የክርስትና እናቷ ለልደቷ የሰጠቻት ገንዘብ አለ። ይሄ ካፖርት ደግሞ ትከሻው የእሷን ትከሻ ለክቶ የተሰፋ ይመስላል። የሊዝቤትንም ትከሻ እንዲሁ። ሁለቱ ልጆች ቁመታቸው እኩል ነው።

«እሺ? ምን ትያለሽ?» አለች ሊዝቤት፣ አፍንጫዋ በብርድ ቀልቶ።

«ክሩ በስብሷል።»

ድምፅዋ እንዲህ ተረጋግቶ መውጣቱ ራሷን አስደነገጣት።

«ምን?»

«ከላይ ነው የሚያምረው። መጋዘን ውስጥ እርጥበት በልቶታል። አንድ ወር ሳትለብሺው ትከሻው ላይ ይለቃል። ተይው፣ ይቅርብሽ።»

«እንዴ፣ ይሄን የመሰለ ነገር! እርግጠኛ ነሽ?»

«እኔ ልዋሽሽ?»

ሊዝቤት ካፖርቱን ለአንድ አፍታ በሐዘን አየችው። ከዚያ እጇን አነሳች። ኔይዳ ግን የእሷን አላነሳችም።

«እዚያ ጥግ ሌላ ቦንዳ ሊፈታ ነው» አለች ፈጠን ብላ። «ሮጠሽ ቦታ ያዢ፣ መጣሁ።»

ሊዝቤት ሮጠች። ሁልጊዜም ዶክተር ያለቻትን ነው የምታደርገው።

እትዬ ቶማሳ ወደ ሩቅ የምታይ መስላ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ኔይዳ ካፖርቱን ይዛ ስትቀርብ ባርኔጣዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ከእግር እስከ ራሷ ቃኘቻት።

«በስብሷል ያልሽውን ልትገዢው ነው?»

«ለእናቴ ነው... ለጨርቁ።»

«እህ፣ ለጨርቁ።»

ዋጋው ስልሳ ቦሊቪያኖ ነበር። ለእንዲህ ያለ ልብስ ስልሳ ማለት በነፃ እንደ መውሰድ ነው። ኔይዳ ከፍላ ልትሄድ ስትል አፏ በልማድ አመለጣት፤ ከዚህ ገበያ ማንም ሰው ካልሲም ሆነ ሻርፕ ሳይመረቅለት አይሄድማ።

«ምርቃትስ፣ እትዬ?»

«ምርቃትሽን ከጓደኛሽ ወስደሻል» አለች እትዬ ቶማሳ፤ ፊቷንም ወደሚቀጥለው ደንበኛ አዞረች።

ኔይዳ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ካፖርቱን ጥቁር ፌስታል ውስጥ ጠቅጥቃ በብብቷ ሸጎጠችው።

*

ሊዝቤት ሐምራዊ ጃኬት አግኝታ ነበር። ያብለጨልጫል፣ ወፍራም ነው፣ ኮፍያም አለው። በአየር ላይ እያውለበለበች ጠበቀቻት።

«ዶክተር፣ ይሄስ? ፏ የሚያደርግ አይደል?»

ለመመርመር መገልበጥ ያስፈልጋል። ለመገልበጥ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ለሁለት እጅ ደግሞ ፌስታሉን መሬት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ኔይዳ ፌስታሉን አላስቀመጠችም።

«አሪፍ ነው። ውሰጂው።»

«አልገለበጥሽውም እኮ!»

«በዓይኔ አየሁት፣ ይበቃል። አታካብጂ።»

ሊዝቤት ሳትከራከር ከፈለች። ያ ገንዘብ እንዴት እንደ ተጠራቀመ ኔይዳ ታውቃለች። ሊዝቤትና እናቷ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተው ሚኒባስ ተራ ላይ አፒ ይሸጣሉ። ከሐምራዊ በቆሎ የሚፈላ ትኩስ መጠጥ ነው። ከጎኑ ሊዝቤት የራሷን ቦምቦሊኖ ትጠብሳለች፤ የቦምቦሊኖው ትርፍ የእሷ ነው። በሰኔ ብርድ መንገድ ላይ የፈሰሰ ውሃ ሳይቀር በረዶ ይሆናል፤ ሊዝቤት ደግሞ በስስ ሹራብ ነበር የምትቆመው። ትምህርት እስክትጨርስ የሚበቃትን፣ ከዚያም ለታናሽ እህቷ የሚተርፍ አንድ ጠንካራ ልብስ ስታስስ ስንት እሑድ እንደ ተመላለሰች ኔይዳ ራሷ ምስክር ናት። አብራት ነበረቻ።

«ነይ፣ አፒ ልጋብዝሽ» አለች ሊዝቤት። ጃኬቱን እዚያው ለብሳዋለች።

ሁለቱም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሊዝቤት ከብርጭቆው አንድ ጊዜ ፉት ብላ ፊቷን አጨማደደች።

«ውሃ ነው። ቀረፋውን ከሩቅ ብቻ ነው ያሳዩት። የኛ አይሻልም?»

«የናንተ ይሻላል።»

«ፌስታሉ ውስጥ ምንድነው?»

«ጨርቅ ነው። እናቴ ያዘዘችኝ።»

«ያንቺ እናት ደግሞ ጨርቅ አትጠግብም» ብላ ሳቀች ሊዝቤት። የጋበዘችውን አፒ ኔይዳ እንደ ምንም ጨረሰችው።

*

እናቷ እትዬ ቤርታ ካፖርቱን ስታይ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ይህ እንዲሁ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ለተማሪዎች የሚሰፉ ነጭ ጋወኖች ክምር አጠገቧ እያለ እናቷ የምትቆመው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው።

«ወይኔ ልጄ! ከየት አገኘሽው?» ገለበጠችው፣ ሸተተችው፣ ክሩን በጥፍሯ ሞከረችው። «ይሄን የሰፋ ሰው እጁ ይባረክ! እዪው እስቲ ክሩን፣ ጅማት እኮ ነው። በስንት ገዛሽው?»

«በስልሳ።»

«በስልሳ! ቶማሳ ታማ ነበር እንዴ ዛሬ?» እናቷ በደስታ ሳቀች። «በዓይንሽ እኮራለሁ። በይ አታስቀምጪው፣ ነገ ለብሰሽው ሂጂ።»

ኔይዳ «እሺ» አለች። በማግስቱ ግን ካፖርቱ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። በማግስቱም በማግስቱም እንዲሁ። እንዴት ትለብሰዋለች? ሊዝቤት ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ወንበር ላይ፣ ክንዷ ክንዷን እየነካ ነው የምትቀመጠው። ካፖርቱን አንድ ጊዜ ብታየው በቃ።

ስለዚህ በኤል አልቶ ካሉት ካፖርቶች ሁሉ ምርጡ ያላት ልጅ በትልቋ እህቷ አሮጌ ሹራብ ላይ ነጭ ጋወን ደርባ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ትምህርት ቤት ትሄድ ጀመር። አሁን ለሌላ ሰው ቢነገር ያስቃል። እሷን አላሳቃትም። ጠዋት ጠዋት በሩን ስትዘጋ ካፖርቱ በጀርባው በኩል ሲወዛወዝ ይሰማታል፤ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ቆልፋበት የምትወጣ ይመስላታል።

«ምነው አትለብሺውም?» ትላለች እናቷ።

«ለእሑድ ነው።»

እሑድ ሲመጣ ደግሞ ሆዷን ያማታል።

*

ሐምራዊው ጃኬት ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። ሰኞ ጠዋት ተማሪው ሁሉ ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፎ ሳለ ሊዝቤት ኮፍያዋን ለማስተካከል እጇን ወደ ላይ ስታነሳ፣ ብብቷ ሥር ጨርቁ ጨረር ብሎ ሲተረተር ከፊትም ከኋላም ተሰማ። ከውስጡ ነጭ ጥጥ መሰል ነገር ብቅ አለ፤ ነፋሱ ወስዶ በሰልፉ ላይ በተነው።

«ኧረ ጎበዝ፣ ዶሮዋ ላባዋን እየጣለች ነው!» አለ ኤድሰን የሚባል የክፍላቸው ልጅ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

«ዝም በል አንተ ፋራ!» ሊዝቤት ብብቷን በክንዷ ደፈነች። «ይሄ ዶክተር የመረጠችው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ትልቁን ድስት ስሸከምበት ነው የለቀቀው።»

ኔይዳ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሊዝቤት ብትቆጣት፣ «ይሄ ነው መምረጥሽ?» ብላ ብትጮህባት ይቀላት ነበር። እሷ ግን ጠበቃዋ ሆና ቆመችላት።

በእረፍት ሰዓት ከጓሮው ግድግዳ ሥር ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ኔይዳ ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣች። ጃኬቱን አሁን ነው የገለበጠችው። ስፌቱ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ እርስ በርሱ የተራራቀ፣ ጨርቁ ዳር ላይ ለይምሰል የተመታ። አንድ ጊዜ ብትገለብጠው ኖሮ ገበያው መካከል ታየው ነበር። መርፌዋን ስትወጋ ጨርቁ እንደ ወረቀት ይቀደዳል፤ እንደገና ራቅ ብላ ትወጋለች፣ እንደገና ይቀደዳል።

«ጣቶችሽ ቀልተዋል» አለች ሊዝቤት።

«በርዶኝ ነው።»

«አንቺም እኮ ልብስ የለሽም። ለኛ ስትመርጪ ለራስሽ ትረሺዋለሽ።» ሊዝቤት ሻርፗን ፈትታ የኔይዳ አንገት ላይ ጠመጠመችው። ከዚያ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለች።

ኔይዳ ከመርፌው ቀና አላለችም። «እሺ።»

«ያንን ግራጫውን ገዝቼው ቢሆን ኖሮ እስካሁን አልቆለት ነበር፣ አይደል?»

እውነቱን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም ነበር። ማንም አይሰማም። ሊዝቤት ራሷ በሩን ከፍታ «ግቢ» ያለቻት ያህል ነው። ኔይዳ አፏን ከፈተች።

«አዎ» አለች። «አልቆለት ነበር።»

«አየሽ! ከዚህም የባሰ ነበር ማለት ነው። እንኳን አንቺ ኖርሽልኝ።»

መርፌው የኔይዳን ጣት ወጋ። ደም በነጩ ጋወኗ ላይ ጠብ አለ፤ ሊዝቤት ደንግጣ በምራቋ ልታስለቅቅላት ታገለች። ኔይዳ ማልቀስ ጀመረች። ሊዝቤትም ለጣቷ መስሏት «አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ትንሽ ናት እኮ» እያለች አባበለቻት።

በዚያ ሳምንት ሊዝቤት ሐሙስና ዓርብ ከትምህርት ቤት ቀረች። ደረቷን ይዟታል ተባለ። አጠገቧ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ኔይዳ ቦርሳዋን አስቀመጠች፤ ከዚያ አነሳችው፤ ከዚያ እንደገና አስቀመጠችው። መምህሩ የጻፉት ሒሳብ አንዱም አልገባትም።

*

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ካፖርቱን ከሚስማሩ አወረደችው። ሁሉንም አስባ ጨርሳለች። «ሊዝ፣ ብታዪ አታምኚም፣ ያንን ግራጫውን የመሰለ ሌላ ካፖርት አገኘሁልሽ፤ ክሩ ደግሞ ደህና ነው» ትላታለች። ሊዝቤት ታምናለች። የሚያስጨንቀው እሱ ነው እንጂ ሌላው ቀላል ነው። ሊዝቤት ትሞቃለች፣ የሌሊቱ ብርድ አይነካትም፣ ኔይዳም በሩን ስትዘጋ ያ የሚወዛወዝ ነገር አይሰማትም። ሁሉም ሰው ይጠቀማል፤ ማንም አይጎዳም።

«ወዴት ልትወስጂው ነው?» አለች እናቷ ከመኪናዋ ቀና ብላ።

«ለሊዝቤት ልሰጣት ነው። አሟታል።»

እናቷ መነጽሯን አውልቃ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ዓይኗ ውሃ ሞላ።

«አዲሱን ልብስሽን? አንድ ቀን እንኳ ሳትለብሺው?» ብድግ ብላ ግንባሯን ሳመቻት። «አንቺን የመሰለ ልጅ አለችኝ ብዬ ለእህቶችሽ እነግራቸዋለሁ። እነሱ አንዷ ከሌላዋ ዳቦ የሚደብቁ ናቸው።»

ኔይዳ ካፖርቱን ፌስታል ውስጥ ከተተችው። ፌስታሉን አንጠልጥላ ወጣች። መንገዱ ላይ ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ዓይኗ ውስጥ ይረጫል፤ የሚኒባስ ረዳቶቹ የመዳረሻቸውን ስም «ሴሃ! ሴሃ!» እያሉ ሰው ይጣራሉ። እሷ ግን የሚሰማት የእናቷ ከንፈር ግንባሯ ላይ ያረፈበት ቦታ ብቻ ነው። የሚያቃጥል ነገር ተለጥፎባት የምትሄድ መሰላት።

ሊዝቤት ቤት ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት የጓደኛዋን እናት እትዬ ሳቢናን አገኘቻት። ዳቦ በመሶብ ይዛ ከዳቦ ጋጋሪዋ ጋር ቆማ ትጫወታለች። ኔይዳን ስታይ ፊቷ ፈካ።

«መጣሽላት! እሷም ከጠዋት ጀምሮ ስምሽን እያነሳች ነው።»

«ተሻላት፣ እትዬ?»

«ሳሉ ቀነስ ብሏል። ግን ምን ላድርጋት ልጄ፣ እልኸኛ ናት። ትናንት አክስቷ ደህና ጃኬት ይዛላት መጣች፤ በርካሽ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ለእሷ ልኳ ነው። "ውሰጂው" ብንላት "ኔይዳ ሳታየው አልገዛም" ብላ መለሰችው!» እትዬ ሳቢና ሳቀች። «አልጋ ላይ ተኝታ፣ እየሳለች እኮ ነው እንዲህ የምትለው። "እሷ ያላየችው ልብስ ዋጋ የለውም" አለችን። አክስቷም ተቀይማ ሄደች። እኔ ግን አልፈረድኩባትም። ሰው እምነት የሚጥልበት አንድ ሰው ካለው ምን ይፈልጋል? ተባረኪ። ሂጂ ግቢ፣ እኔ መጣሁ።»

ኔይዳ አንገቷን ነቅንቃ አለፈች።

ጃኬት ነበር ማለት ነው። ደህና ጃኬት። ሊዝቤት ትናንት ለብሳው፣ ሞቋት ማደር ትችል ነበር። ኔይዳ እስካሁን አንድ ካፖርት ብቻ የወሰደችባት ይመስላት ነበር።

እጇ ውስጥ ያለው ፌስታል ከበዳት። አሁን ገብታ «ሌላ አገኘሁልሽ» ብትላት ምን እንደሚሆን አንድ በአንድ ታያት። ሊዝቤት ከአልጋዋ ትነሳለች። ካፖርቱን ለብሳ በጠባቡ ክፍል ውስጥ ትሽከረከራለች። «ነፍስ ነሽ!» ብላ አንገቷ ላይ ትጠመጠማለች። ሰኞ ሰልፍ ላይ ለኤድሰን «ዶክተር የመረጠችልኝ» ብላ ታሳየዋለች። ካፖርቱ ደግሞ የሚያልቅ ዓይነት አይደለም። ዓመት ከዓመት ይለበሳል፤ ሊዝቤት በለበሰችው ቁጥር ታመሰግናታለች፤ ኔይዳም ባመሰገነቻት ቁጥር ፈገግ ብላ ትዋሻለች። ከዚያም ስለ ሌላ ልብስ፣ ስለ ሌላም ነገር «አንቺ ምን ትያለሽ?» እያለች ትጠይቃታለች፤ የተባለችውንም ታደርጋለች።

እውነቱን ብትነግራት ደግሞ ላታናግራት ትችላለች። ወንበር ትቀይር ይሆናል። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ «ዶክተር» የሚለው ስም መሳቂያ ይሆናል። እናቷም ትሰማለች። ከሁሉ ከሁሉ ያ አስፈራት፤ ግንባሯን በእጇ ጠረገችው።

በሩ አጠገብ ቆመች። የቆርቆሮ በር ነው፤ ከታች በኩል በዝገት ተበልቷል። ከውስጥ የሊዝቤት ሳል ተሰማ፣ ቀጥሎ የታናሽ እህቷ ድምፅ፣ ቀጥሎ ሬዲዮ።

ፌስታሉን ከፈተች። ካፖርቱን አወጣችና አራገፈችው። ለአንድ አፍታ በክንዷ ታቅፋው ቆመች። ከዚያ ቀኝ እጇን አስገባች፣ ግራ እጇን አስገባች። ልክ እንዳሰበችው ነበር፤ ትከሻው ላይ ልክክ አለ፣ ነፋሱም ወዲያው ከላይዋ ላይ ተቆረጠ። እንዲህ ያለ ሙቀት ለብሳ አታውቅም። አፈረችበት። ቢሆንም ቁልፎቹን ከታች ጀምራ እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈቻቸው፤ ባዶውን ፌስታል አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

በሩን አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ዶክተር!» የሊዝቤት ድምፅ ጎርነን ብሏል፤ ደስታው ግን ያስታውቃል። «ክፍት ነው፣ ገፋ አድርጊና ግቢ!»

ኔይዳ እጇን ወደ በሩ ዘረጋች፣ መልሳም ሰበሰበችው። ራሷ ከፍታ ብትገባ ውስጡ ጨለማ ነው፤ ሊዝቤት ካፖርቱን በደንብ ላታየው ትችላለች። ኔይዳም ያኔ አንድ ውሸት ልትፈጥር ትችላለች። ራሷን ታውቀዋለች፤ ምላሷ ፈጣን ነው።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ የከሰዓቱ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቆመች።

«አይ ሊዝ» አለች። «አንቺ ነይና ክፈቺልኝ።»

«አመመኝ እኮ፣ አንቺ ደግሞ!»

«አውቃለሁ። ግን አንቺ ክፈቺልኝ።»

ውስጥ ሬዲዮው ጠፋ። አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ፤ ቀጥሎም የነጠላ ጫማ ኮቴ ወደ በሩ እየቀረበ መጣ። ኔይዳ እጆቿን ወደ ታች ለቀቀቻቸው፤ ደረቷ ላይ ምንም ሳትደርብበት ቀጥ ብላ ጠበቀቻት።